ያደረ ስካርና የአሽከርካሪ ተጠያቂነት

ስለ መጠጥ ጠንቅ ሲነገር በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ የሚሣለው በሌሊት ከመጠጥ ቤት ወጥቶ እየተንገዳገደ የሚሄድ ሰካራም ነው። እንዲህ ያለው ሰው መኪና ለመንዳት ቢነሣ ጓደኞቹ ቁልፉን ይቀሙታል፤ የትራፊክ ፖሊስም ገና በሩቁ ያውቀዋል። ከዚህ የማይተናነስ አደጋ የሚያደርስ፣ ነገር ግን ማንም የማይጠረጥረው ሌላ አሽከርካሪ አለ። ይኸውም ማታ ከመጠን በላይ ጠጥቶ፣ ጥቂት ሰዓት ተኝቶ፣ ጠዋት ፊቱን ታጥቦና ቡናውን ጠጥቶ መሪውን የሚጨብጠው ነው። ይህ ሰው አይንገዳገድም፤ ቋንቋው አይኮላተፍም፤ ራሱም ጤነኛ ነኝ ብሎ ያምናል። ሆኖም ማታ የጠጣው አልኮል ከደሙ ገና አልወጣም። አደጋ ቢያደርስ በሕግ ፊት የሚጠየቀውም ጠዋት በተሰማው ስሜት ሳይሆን በደሙ ውስጥ በተገኘው መጠንና ማድረግ ይገባው በነበረው ጥንቃቄ ነው።

በአማርኛ የመጠጥ ማግሥት ሕመም «ዞረ ድምር» ይባላል። ቃሉ የተወሰደው ከሒሳብ ሥራ ነው። በሒሳብ መዝገብ ላይ አንዱ ገጽ ሲሞላ የገጹ ድምር ወደሚቀጥለው ገጽ አናት ይዞራል፤ አዲሱ ገጽ ንጹሕ ቢመስልም የሚጀምረው ከባዶ አይደለም። የሌሊቱ መጠጥም እንዲሁ ነው። ሌሊቱ ቢያልፍም ሒሳቡ አልተዘጋም፤ ወደ ማግሥቱ ቀን ይዞራል። ብዙ ሰው ግን ዞረ ድምርን የሚያውቀው በራስ ምታቱና በማቅለሽለሹ ብቻ ነው። ራስ ምታቱ ያልጠናበት ሰው ሒሳቡ የተዘጋ ይመስለዋል። ስሕተቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ይህ ጉዳይ በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ በኩል ወደ ምሥራቅ ሱዳን የሚዘልቀው መንገድ ነው። መንገዱ ከደጋው ወደ ቆላው ወርዶ ገንዳ ውኃን ካለፈ በኋላ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል። ይህች ከተማ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1889 በመተማ ጦርነት ቆስለው ከሞቱት ከዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው። ከከተማዋ ፊት ለፊት ጋላባት የተባለችው የሱዳን ከተማ ትገኛለች። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ወራጅ ውኃና በላዩ የተሠራው ድልድይ ነው። ከጋላባት ወዲያ መንገዱ ዶካን አቋርጦ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ገዳሪፍ ይገባል። ገዳሪፍ በማሽላና በሰሊጥ እርሻዋ የታወቀች፣ ከፍተኛ የእህል ጎተራ ያላት፣ ከካሳላና ከፖርት ሱዳን ጋርም በመንገድ የተገናኘች ከተማ ናት።

በዚህ መስመር የሚነዳው ሾፌር ጭነት ብቻ አይደለም የሚይዘው። በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋው ወደ መተማና ወደ ሱዳን እርሻዎች የሚወርዱ፣ በአካባቢው «ሳሉግ» የሚባሉ የቀን ሠራተኞች ብዙውን ጊዜ በጭነት መኪና ላይ ተጭነው ይጓዛሉ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በየዘመኑ በጦርነትና በረሃብ የተሰደዱ ሰዎችም ይህንኑ አካባቢ መሸሸጊያቸው አድርገውታል፤ በገዳሪፍ ግዛት ያለው የኡም ራኩባ የስደተኞች ሰፈር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ካስተናገዳቸው ኢትዮጵያውያን በኋላ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 እንደገና ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ የመስመሩ ንግድ ተናግቷል፤ ከጦርነቱ የሸሹ ሰዎችም በገዳሪፍ ተጨናንቀዋል። እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ የአንድ ሾፌር ስሕተት የሚነካው አንድን ሰው ብቻ አይደለም። በአንድ መኪና ጀርባ ላይ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ አለ።

በመተማ ዮሐንስ መጠጥ በግልጽ ይሸጣል። ቢራው፣ ጠጁ፣ ጠላውና አረቄው ለአገሬው ሰው ብቻ ሳይሆን በአገራቸው የተከለከለውን ፈልገው ድልድዩን ለሚሻገሩ ሱዳናውያንም ይቀርባል። ረጅም መንገድ የነዳ ሾፌርም የጉምሩክ ሥርዓት እስኪፈጸም ድረስ በከተማዋ ያድራል። ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ረጅም፣ ሥራው አድካሚ ነው፤ መጠጡም ቅርብ ነው። በማግሥቱ ኬላው ሲከፈት ግን ወደ መሪው መመለስ ግዴታ ይሆንበታል። የማታው ሰውና የጠዋቱ ሾፌር አንድ ሰው መሆናቸው የሚታወሰውም ያን ጊዜ ነው።

ሕጉ ስለዚህ ሰው ምን እንደሚል ከመመልከት በፊት ሰውነት አልኮልን እንዴት እንደሚያስወግድ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው የጠጣው አልኮል ከጨጓራና ከአንጀት ወደ ደም ይገባል። ከዚያም ጥቂቱ በትንፋሽ፣ በላብና በሽንት ሲወጣ አብዛኛውን የሚያቃጥለው ጉበት ነው። ጉበት ይህን ሥራ የሚሠራው በራሱ ፍጥነት ነው። ባለቤቱ ስለቸኮለ አይፈጥንም። በስዊድናዊው ሳይንቲስት በኤሪክ ዊድማርክ ጥናት ላይ የተመሠረተው የአልኮል ስሌት እስከ ዛሬ ድረስ በፍርድ ቤቶች ይሠራበታል። በዚህ ስሌት መሠረት በአማካይ ሰው ደም ውስጥ ያለው አልኮል በየሰዓቱ በሊትር 0.15 ግራም ያህል ይቀንሳል። ከሰው ሰው ልዩነት ቢኖርም በብዙዎች ዘንድ ከ0.1 እስከ 0.2 ግራም ባለው መጠን ውስጥ ይገኛል።

ለምሳሌ ያህል 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ሾፌር ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ ጠጣ እንበል። የጠጣው 6 ጠርሙስ ቢራና 4 መለኪያ አረቄ ነው። አንድ ጠርሙስ ቢራ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝና የአልኮሉ ኃይል ከመቶ 5 የሆነ እንደሆነ በውስጡ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። ኃይሉ ከመቶ 40 የሆነ አረቄ በ40 ሚሊ ሊትር መለኪያ ሲቀዳም ከዚህ የሚቀራረብ መጠን ይዟል። ስለዚህ ሾፌሩ በጠቅላላው 130 ግራም ያህል አልኮል ወስዷል ማለት ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ ቢገባ በሊትር 2.65 ግራም ያህል ይሆን ነበር። በጠጣባቸው 5 ሰዓቶች ውስጥ 0.75 ግራም ስለተወገደ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ በደሙ ውስጥ የሚቀረው 1.9 ግራም ነው።

ሾፌሩ ወዲያው ተኝቶ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሣ። በእነዚያ 6 ሰዓቶች የተወገደው 0.9 ግራም ብቻ ስለሆነ በደሙ ውስጥ ገና 1 ግራም አለ። የጉምሩኩን ሥርዓት ፈጽሞ ድልድዩን ተሻግሮ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ገዳሪፍ ቢገባ እንኳ 0.4 ግራም ይዞ ይገባል። ደሙ ከአልኮል ጨርሶ የሚጠራው ከቀኑ 7 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። እንደዚህ ያለው ስሌት ግምት እንጂ ፍጹም ልክ አይደለም። የሰውየው ክብደት፣ ጾታ፣ ጤንነትና የበላው ምግብ ሁሉ ይለውጡታል። በተለይም በቤት የሚጠመቁት መጠጦች ኃይላቸው ከጠማቂ ጠማቂ ይለያያል፤ ጠጅ ከመቶ 7 የማይበልጥ ሊሆን ሲችል ከዚያ በእጥፍ የሚጠነክርም ይገኛል። ልኩ ያልታወቀ መጠጥ የጠጣ ሰው የቀረበትንም ልክ አያውቅም።

ስካርን ቶሎ ያበርዳሉ ተብሎ የሚታመንባቸው ልማዶች ብዙ ናቸው። አንዱ ወፍራም ቡና ይጠጣል፤ ሌላው ቀዝቃዛ ውኃ በራሱ ላይ ያፈሳል፤ ሦስተኛው ትኩስ ሾርባ ወይም ቅቅል ይፈልጋል፤ ጫት የሚቅምም አለ። ከእነዚህ አንዱም የጉበትን ሥራ አያፋጥንም። ቡናና ጫት እንቅልፍን ያባርሩ ይሆናል፤ አልኮሉን ግን ከደም አያባርሩም። ውጤታቸውም እንቅልፋም ሰካራምን ንቁ ሰካራም ማድረግ ብቻ ነው። ጠዋት «ለማብረጃ» ተብሎ የሚጠጣው መለኪያ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ሕመሙን ለጊዜው ቢያስታግስም በአሮጌው ዕዳ ላይ አዲስ ዕዳ ይጨምራል። እንቅልፍም ቢሆን መድኃኒቱ አይደለም፤ የሚጠቅመው ጊዜ ስለሚያሳልፍ ብቻ ነው። እውነተኛው መድኃኒት ጊዜ ነው።

ያደረ ስካር በመሪ ላይ የሚያሳየው ጉዳት ከትኩስ ስካር ይለያል። ሾፌሩ ፍርሃቱ ስለለቀቀው ሳይሆን አእምሮው ስለዘገየ ይሳሳታል። የእንቅልፍ እጥረቱ፣ የውኃ ጥሙና የቆላው ሙቀት በተረፈው አልኮል ላይ ሲደመሩ ዐይኑ ያየውን እጁና እግሩ እስኪፈጽሙት ድረስ ጊዜ ይወስዳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ ፍሬን ለመርገጥ በግማሽ ሴኮንድ ቢዘገይ መኪናው ያለ ፍሬን 11 ሜትር ተጨማሪ መንገድ ይበላል። በዚያ 11 ሜትር ውስጥ መንገድ የሚያቋርጥ ሕፃን ወይም ከብት የሚነዳ እረኛ ሊኖር ይችላል። የተጫነ ተሳቢ ደግሞ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላም ቶሎ የሚቆም አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። መጠጥ ለእንዲህ ያለው አደጋ ዋና ከሆኑት መንሥኤዎች አንዱ መሆኑን ድርጅቱ በየጊዜው ያስገነዝባል።

ሕግ በሰካራም አሽከርካሪ ላይ መፍረድ የጀመረው መኪና እንደተፈለሰፈ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1897 አንድ የለንደን ታክሲ ነጂ ሰክሮ ነድቶ ከሕንፃ ጋር በመጋጨቱ 25 ሽልንግ ተቀጥቷል። በዚያ ዘመን የስካር ማስረጃ የምስክር ዐይን ነበር፤ ተንገዳግዷል ወይስ አልተንገዳገደም ተብሎ ይመረመር ነበር። በዚህ ዐይነት ማስረጃ ማታ ጠጥቶ ጠዋት የሚነዳውን ሰው መያዝ አይቻልም ነበር። ነገሩ የተለወጠው ሕግ ከአካሄድ ይልቅ ደምን መመልከት ሲጀምር ነው። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1936 በአሽከርካሪ ደም ውስጥ ሊገኝ የሚችለውን የአልኮል መጠን በቁጥር ወሰነች። አሜሪካዊው ሮበርት ቦርከንስታይን እ.ኤ.አ. በ1954 ትንፋሽን መርምሮ መጠኑን የሚያሳይ መሣሪያ ሠራ። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ወሰኑን በሊትር 0.8 ግራም አደረገች፤ ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ይህን ወደ 0.5 አወረደችው። ከዚህ ወዲህ «መቼ ጠጣህ?» የሚለው ጥያቄ ዋጋው ቀነሰ። መሣሪያው የሚያውቀው አሁን ያለውን መጠን ብቻ ነው። ማታ ይሁን ጠዋት አይለይም።

በኢትዮጵያም ሕጉ የተጓዘው በዚሁ አቅጣጫ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 አሽከርካሪ በአልኮል ተጽዕኖ ሥር ሆኖ እንዳይነዳ የሚከለክል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በሪፖርቶቹ ኢትዮጵያን በአሽከርካሪ ደም ውስጥ የሚፈቀደውን ከፍተኛ መጠን በሊትር 0.8 ግራም ላይ ከወሰኑ አገሮች ተርታ መዝግቧታል። ከላይ በምሳሌ የተጠቀሰው ሾፌር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ሞተሩን ሲያስነሣ በደሙ ውስጥ 1 ግራም ስላለ፣ አንድ እንኳ ሰው ሳይነካ፣ ከዚህ ወሰን አልፏል። ከወሰኑ በታች መሆንም ቢሆን ከአደጋ ነጻ መሆን አይደለም፤ ብዙ አገሮች ወሰኑን ወደ 0.5ና ወደ 0.2 ያወረዱት ስለዚህ ነው።

አደጋ ከደረሰ ነገሩ ከደንብ ወደ ወንጀል ሕግ ይሸጋገራል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 59 ቸልተኝነትን ሲተረጉም፣ ድርጊቱ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ማወቅ እየቻለና እየተገባው ሳያስብ የሠራ ሰውም ቸልተኛ መሆኑን ይገልጻል። ቸልተኝነቱ ሲመዘንም የሰውየው ዕድሜ፣ የሥራ ልምድ፣ የትምህርት ደረጃና ሙያ ግምት ውስጥ ይገባሉ። እንግዲህ ያደረ ስካርን የሚመለከተው ፍሬ ነገር ይህ ነው። «ተኝቼ ስለነበር የበረደልኝ መስሎኝ ነው» የሚለው ቃል የአሽከርካሪውን ቸልተኝነት የሚያስረዳ እንጂ የሚያስተባብል አይደለም። ሙያው መንዳት የሆነ ሰው መጠጥ በሌሊት እንደማያልቅ ማወቅ ይገባዋልና።

የሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰውን መግደልን ይመለከታል። ተራ ሰው በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም የገንዘብ መቀጮ ይወሰንበታል። እንደ ሐኪምና እንደ አሽከርካሪ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን እስራቱ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ይሆናል፤ መቀጮም ይጨመርበታል። ጥፋተኛው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎችን የገደለ እንደሆነ፣ ወይም ግልጽ የሆነን ደንብ እያወቀ የጣሰ እንደሆነ፣ ወይም አልኮልና ሌላ አደንዛዥ ነገር ወስዶ ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ ያደረሰ እንደሆነ ግን ቅጣቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ነው። ሳሉጎችን በጫነ መኪና ላይ ለሚደርስ መገልበጥ እነዚህ ሁኔታዎች ሦስቱም በአንድ ጊዜ ሊሟሉ ይችላሉ። በእስራቱ ላይ የመንጃ ፈቃድ መታገድ ሊከተል ይችላል፤ ይህም ለሾፌር ከእጁ መሣሪያው እንደተነጠቀ ገበሬ መሆን ነው።

ተጠያቂነቱ በሾፌሩ ላይ ብቻ አያበቃም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል። ባለቤቱ በዚያ ሌሊት ጎንደር ተኝቶ ይደር እንጂ፣ መተማ የተጠጣው መጠጥ ከደጁ ይደርሳል ማለት ነው። ብዙዎቹ የመኪና ሙሉ ዋስትና ውሎችም አሽከርካሪው ሰክሮ ሲነዳ ለደረሰ ጉዳት ካሣ እንዳይከፈል የሚገድብ ቃል ይዘዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ሰክሮ በሥራ ላይ መገኘትን ሠራተኛ እንዳይፈጽማቸው ከተከለከሉ ድርጊቶች መካከል ቆጥሮታል። አዋጁ ስካሩ የማታ ነው ወይስ የጠዋት ብሎ አይለይም።

መኪናው ድልድዩን ተሻግሮ ጋላባት ሲገባ የሚጠብቀው ሕግ ሌላ ነው። በእንግሊዝና በግብፅ ጥምር አገዛዝ ዘመንም ሆነ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነጻ ከወጣች በኋላ በአገሪቱ መጠጥ በሕግ ይሸጥ ነበር፤ በካርቱም ቢራ ይጠመቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 ፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ በእስላማዊ ሕግ ላይ የተመሠረቱ ድንጋጌዎችን ሲያውጁ መጠጥ ተከለከለ፤ በካርቱምም ብዙ መጠጥ ዐባይ ውስጥ ተደፋ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሱዳን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 መጠጥ የጠጣ ሙስሊም 40 ጅራፍ እንዲገረፍ ደነገገ፤ በአንቀጽ 79 ደግሞ መጠጥ መነገድን ወንጀል አደረገ። ከማሽላ ማሪሳ፣ ከተምር ዐረጊ እያዘጋጁ በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳድጉ የነበሩ ብዙ ድሆችና ስደተኞች ሴቶች በዚህ ሕግ ታስረዋል፤ ተቀጥተዋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 የሽግግሩ መንግሥት ሕጉን አሻሽሎ ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች መጠጣትን ፈቀደ፤ ለሙስሊሞች ግን ክልከላው ጸና። ለጠጪ የተሰጠው ይህ ፈቃድ መጠጥ ያለበትን ደም ይዞ ለመንዳት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም።

ከዚህም በላይ በሱዳን በመኪና አደጋ ሰው የገደለ ሾፌር ከእስራት ሌላ «ዲያ» የሚባለውን የደም ካሣ ለሟች ቤተሰብ እንዲከፍል ይፈረድበታል። የውጭ አገር ሰው የሆነ ሾፌር ዘመድና ዋስ በሌለበት አገር ይህን ገንዘብ እስኪያገኝ የሚደርስበት ጭንቀት ቀላል አይደለም። ለእርሱም ሆነ በአገሩ ሆነው ለሚጠብቁት ልጆቹ የአንድ ሌሊት መጠጥ ዋጋ ከዓመታት ደመወዝ ሊበልጥ ይችላል።

እንግዲህ ሁለቱ ሕጎች የሚጠይቁት ጥያቄ የተለያየ ነው። በሱዳን ለረጅም ዘመን የሠራው ሕግ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ጠጥተሃል ወይ?» ብሎ ነው። የኢትዮጵያ ሕግ የሚጠይቀው «ከጠጣኸው ምን ያህሉ ቀርቶብህ ነዳህ? ምንስ ጥንቃቄ አደረግህ?» ብሎ ነው። ያደረ ስካር ያለበት ሾፌር ለሁለቱም ጥያቄዎች ጥሩ መልስ የለውም። የድልድዩ ርዝመት ጥቂት እርምጃ ነው፤ ጉበት ግን በዚያ ጥቂት እርምጃ ውስጥ የሚሠራው ሥራ የለም። ሱዳን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለመለሰች ድልድዩን የተሻገረ መንገደኛ የእጅ ሰዓቱን ያስተካክላል። በደሙ ውስጥ ያለውን ሰዓት ግን ማንም መንግሥት ሊያስተካክልለት አይችልም።

ከዚህ አደጋ ለመዳን የሚያስፈልገው ውሳኔ የሚወሰነው ጠዋት ሳይሆን ማታ ነው። ጠዋት የሚወስነው አእምሮ ራሱ የተመረዘ ስለሆነ ሊታመን አይችልም። በማግሥቱ የሚነዳ ሰው ከሁሉ የሚሻለው አለመጠጣቱ ነው። ከጠጣም የጠጣውን ቆጥሮ፣ ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ቢራ ወይም መለኪያ አረቄ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ሰጥቶ፣ ይህም ከሚነሣበት ሰዓት ጋር የሚስማማ መሆኑን አስቀድሞ ማስላት ይገባዋል። በዚህ ስሌት 10 የጠጣ ሰው በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ እንጂ በጠዋት አይነዳም።

ረዳቱም ድርሻ አለው። ሾፌሩ ማታ ምን ያህል እንደጠጣ ከማንም በላይ የሚያውቀው ረዳቱ ነው። በአገራችን ልማድ ታናሽ ታላቁን መቃወም ነውር መስሎ ስለሚታየው ብዙ ረዳት «ጋሼ፣ ዛሬ ጥቂት ቆይተን እንሂድ» ለማለት ይፈራል። እንዲህ ያለው አክብሮት ግን ታላቁን ከገደል የሚያድን አይደለም። ባለንብረቱም ጭነቱ በዚህ ሰዓት ካልደረሰ እያለ ሾፌሩን ሲያጣድፍ፣ አደጋ ቢደርስ ካሣ የሚጠየቀው ራሱ መሆኑን ማስታወስ ይኖርበታል። አንድ ቀን የዘገየ ጭነት ይደርሳል፤ የተገለበጠ ጭነት ግን አይደርስም። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንዳሉት፣ ነገሩ የሚታረመው መኪናው ከመነሣቱ በፊት ነው።

በጠቅላላው ያደረ ስካር ስካር ነው። ሌሊቱ ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ማታ የተጠጣው ጠዋት በደም ውስጥ ይቆያል፤ በደም ውስጥ ያለው በመሪው ላይ ይታያል፤ በመሪው ላይ የታየውም በመጨረሻ በዳኛ ፊት ይቀርባል። «አላወቅሁም» የሚለው መልስ ለተራ ሰው ደካማ መከላከያ ነው፤ የሰው ሕይወት በእጁ ለተሰጠው አሽከርካሪ ደግሞ መከላከያ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ከመተማም ይነሣ ከገዳሪፍ፣ ከአዲስ አበባም ይነሣ ከጎንደር፣ ማንኛውም ሾፌር ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ራሱን መጠየቅ የሚገባው «ስንት ሰዓት ተኛሁ?» ብሎ ሳይሆን «ምን ያህል ጠጣሁ? መቼስ አቆምሁ?» ብሎ ነው።